ስኳሩም፣ ልቡም፣ ጉበቱም እያለ ንቅለ ተከላ ላስብ?

ከኮምቦልቻ የተላከልን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። የጨርቅ ንግድ ነበረኝ፤ አሁን ሱቁን ልጄ ይዞታል። ስኳር ከያዘኝ 17 ዓመት፣ ደም ግፊት ከጀመረኝ ደግሞ 10 ዓመት ሆኖኛል። አራት ልጆች ወልጃለሁ። ኩላሊቶቼ መሥራት ካቆሙ ወዲህ ደሴ እየተመላለስኩ በሳምንት ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ፤ ሦስት ጊዜ እንዳደርገው ቢነገረኝም አቅሜ አልፈቀደም። የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው፣ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። የልብ አልትራሳውንድም ልቤ መወፈሩንና መድከሙን አሳይቷል። የ23 ዓመት ልጄና ወረኢሉ በእርሻ የሚኖረው የ45 ዓመት ወንድሜ ‘እኔ እሰጣለሁ’ እየተባባሉ ሊቀያየሙ ደርሰዋል። የቅሬያችን (የዕድራችን) ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ህንድ እንላክሽ ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ ኩላሊት የሚሸጥ አገኝላችኋለሁ ብሎ ልጄን አናግሮታል። ሐኪሜ ‘መመርመር ትችያለሽ፤ ግን ሌሎቹ ሕመሞች ያስቸግራሉ’ ከማለት በቀር ቁርጥ ያለ ነገር አልነገረኝም። ልሞክረው ወይስ በእጥበቱ ልቆይ? ብተወው በነፍሴ ላይ እንደ ፈረድሁ ይቆጠርብኛል? ንቅለ ተከላው ቢሳካስ ረመዳንን መጾም እችላለሁ?»

የተከበሩ እኅቴ፣ ምክሬን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። ምርመራውን ይጀምሩ፤ ንቅለ ተከላውን ግን ገና አይወስኑ። በቅደም ተከተልም መጀመሪያ ልብዎ ይታይ፤ ለጋሹ ከዚያ ቀጥሎ ይመርመር፤ የገንዘቡ ጉዳይ በመጨረሻ ይነሣ። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ቤተሰብዎና ቅሬዎ የያዙት መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ሊሰበሰብ ነው፣ ለጋሾቹ አስቀድመው እየተከራከሩ ነው፣ ልብዎ ቀዶ ሕክምናውን ይችለው እንደሆነ ግን እስካሁን በቅጡ የጠየቀ የለም።

ሐኪምዎ ቁርጥ ያለ መልስ አለመስጠታቸው ሸሽተው እንዳልሆነ እገምታለሁ። የንቅለ ተከላን ጉዳይ አንድ ሐኪም ብቻውን በአንድ ቀን ቀጠሮ ሊወስነው አይችልም። የኩላሊት ሐኪም፣ የልብ ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪምና የማደንዘዣ ባለሙያ ውጤቶቹን አንድ ላይ አይተው የሚደርሱበት ነገር ነው። ስለዚህ «መመርመር ትችያለሽ» የሚለው ቃል ትንሽ ቢመስልም እውነተኛ መልስ ነው፤ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ምርመራ መጀመር ቀዶ ሕክምናውን መቀበል እንዳልሆነም ይወቁት፤ በየትኛውም ደረጃ ላይ «ይበቃኛል» ብሎ ማቆም ይቻላል።

ንቅለ ተከላ ለማን ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥናቱ ከሟች ለጋሾች ኩላሊት የተተከለላቸውን ሰዎች፣ ተራቸውን እየጠበቁ በእጥበት ላይ ከነበሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተተከለላቸው ሰዎች የመሞት አደጋ ከጠባቂዎቹ 2.8 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ይህ አደጋ እየቀነሰ ሄዶ በ244ኛው ቀን ገደማ ሁለቱ ወገኖች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆነ፤ ውሎ ሲያድር ግን የተተከለላቸው የመሞት አደጋ ከጠባቂዎቹ በ68 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የስኳር ሕሙማንም ከጥቅሙ ተካፋዮች ነበሩ፤ ስለዚህ «ስኳር ያለበት ሰው አይሆንለትም» የሚለውን የመንደር ወሬ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ሆኖም ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ያለውን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በሁለቱም ወገን የነበሩት ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ተመርምረው ለቀዶ ሕክምናው ብቁ ናችሁ የተባሉ ነበሩ። እርስዎ ገና ወደዚያ ዝርዝር አልገቡምና የእነርሱን ጥቅም ለራስዎ ከመቁጠርዎ በፊት የእነርሱን ፈተና ማለፍ ይኖርብዎታል።

ሌሎች ሕመሞች የሚሏቸውንም እንደ አንድ ሸክም ደምረው አይመልከቷቸው። ከመካከላቸው አንዱ መንገዱን ፈጽሞ ሊዘጋ ይችላል፣ አንዱ ያዘገያል፣ ሌላው ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውን ኑሮ ያከብዳል።

ሊዘጋው የሚችለው ልብዎ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ከኩላሊቱ ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የስኳር ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ደረት ላይ ምንም ሕመም ሳይሰማ ሊጠቡ ይችላሉ። በመሆኑም «ደረቴን አላመመኝም» ማለት ለስኳር ሕመምተኛ በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። የልብ አልትራሳውንድ የልብን ውፍረትና የመግፋት አቅም ያሳያል እንጂ የደም ሥሮቹን መጥበብ በቀጥታ አያሳይም፤ ልብ ሥራ ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን የሚፈትሽ ሌላ ምርመራ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የደም ሥሮቹን ራሳቸውን የሚያሳይ ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። የጠበበ የደም ሥር ቢገኝና ሊታከም የሚችል ከሆነ ያ ሕክምና ይቀድማል። ሊታከም የማይችል ከባድ የልብ ድካም ከሆነ ግን ንቅለ ተከላው አይመከርም፤ ይህን የሚነግርዎት ሐኪም የሚከለክልዎት ሕይወትዎን ሊጠብቅ ነው።

በሌላ በኩል የልብዎ ድካም ሁሉ የማይመለስ ነው ብለው አይደምድሙ። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለው ላይ ነው። የተለመደው የእጥበት መጠን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ያህል ነው። እጥበቱ ሲያንስ ውኃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ውኃ የደም ግፊትን ያንራል፣ ልብንም ይለጥጣል። ሰውነትዎ በውኃ ተወጥሮ ሳለ የተነሣ አልትራሳውንድ ልብዎን ካለበት ይልቅ አክፍቶ ሊያሳየው ይችላል። የወፈረው ወይም የደከመው በኩላሊቱ ምክንያት ከሆነ፣ እጥበቱ ሲስተካከል አንዳንዴም ከንቅለ ተከላው በኋላ አቅሙ የሚሻሻል ልብ አለ። ስለዚህ ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፦ አልትራሳውንዱ ከእጥበት በኋላ፣ ትርፍ ውኃው ወጥቶ ወደ ደረቅ ክብደትዎ በተመለሱ ጊዜ ይደገምልኝ፤ እንዲሁም ሦስተኛው ቀን እንዲጨመርልኝ ምን ላድርግ? የቅሬዎ ሰዎች በእውነት ሊረዱዎት ከፈለጉ፣ ዛሬ ገንዘባቸው ከህንድ ይልቅ የሚጠቅመው ይህችን ሦስተኛ ቀን ለመሸፈን ነው። ንቅለ ተከላው ይሁንም አይሁን የሚባክን አይደለም።

የጉበቱ ቫይረስ የሚያዘገይ እንጂ በራሱ የሚከለክል አይደለም። ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋው የመከላከል ኃይሉን የሚያደክሙ ስለሆኑ፣ ተኝቶ የቆየው ቫይረስ ሊነሣና ጉበትን ሊያጠቃ ይችላል። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የሚባሉ ቫይረሱን የሚያፍኑ መድኃኒቶች አሉ፣ መጠናቸውም ለኩላሊት ሕመምተኛ ተስተካክሎ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን በደምዎ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን መለካትና ጉበትዎ ምን ያህል እንደ ጠጠረ መታየት አለበት። ጉበቱ ፈጽሞ ጠጥሮ ሥራው ከታወከ ኩላሊት ብቻውን መትከል አደገኛ ይሆናል። ልጅዎና ወንድምዎም ስለ ኩላሊቱ ገና ሳይታሰብ፣ እንዲያው ለራሳቸው ጤና ሲሉ፣ ይህን ቫይረስ ቢመረመሩና ከሌለባቸው ክትባቱን ቢወስዱ መልካም ነው።

ስለ ስኳሩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ኩላሊት ኢንሱሊንን ከደም ውስጥ ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ስለሆነ፣ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው የሚያስፈልገው መጠን ይቀንሳል። እርስዎም ኢንሱሊንዎ ተቀንሶልዎት ወይም ቆሞልዎት ከሆነ ስኳሩ የዳነ ይመስልዎ ይሆናል። አልዳነም። አዲስ ኩላሊት ሥራ ሲጀምር ኢንሱሊኑ እንደ ቀድሞው ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ በዚያ ላይ ፕሬድኒሶሎንና ታክሮሊመስ የሚባሉት የንቅለ ተከላ መድኃኒቶች ስኳርን ከፍ የማድረግ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስኳርዎ ከዛሬው እንደሚከብድ አስቀድመው ይቁጠሩት። ያልተገታ ስኳር አዲሱንም ኩላሊት እንደ አሮጌዎቹ ሊጎዳው ይችላልና። እግርዎ ላይ ያልዳነ ቁስል፣ የታመመ ጥርስ፣ የቆየ ሳል ካለ ደግሞ ዛሬ ይታከም፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ትንሹ ቁስል ትልቅ ይሆናል። የደም ግፊቱን ነገር አላስረዝመውም፤ ውኃው ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይረጋጋል።

አሁን ወደ ለጋሾቹ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ልብዎን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ይህ እንደሆነ አይቻለሁ።

ልጅዎና ወንድምዎ «ማን ይስጥ» ብለው መከራከራቸው ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቢያኮራዎትም ይገባል። ይሁንና ክርክሩን በመዋደድ ሳይሆን በምርመራ መፍታት ይገባል። ወንድምና እኅት ሰውነት የራሱን ከባዕዱ በሚለይባቸው ምልክቶች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ በግማሽ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት ሁለት፣ ፈጽሞ ያለመመሳሰል ዕድላቸውም ከአራት አንድ ነው። ልጅ ግን ሁልጊዜ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። እናት በእርግዝና ጊዜ ከአባት ወደ ልጁ የተላለፈውን ግማሽ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋ ፀረ አካል በደሟ ውስጥ ልታፈራ ትችላለች፤ አራት ልጅ ለወለደች ሴት ይህ የማይታሰብ ነገር አይደለም። እናት የገዛ ልጇን ኩላሊት ሰውነቷ አልቀበልም የሚልበት አጋጣሚ የሚፈጠረውም በዚህ ነው። ይህን የሚለየው ክሮስማች የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ደም መውሰድም እንዲህ ያለውን ፀረ አካል ያበዛል፤ ስለዚህ የደም ማነስ ሲያጋጥምዎ ደም ከመውሰድ ይልቅ የደም ማምረቻ መርፌው የሚበቃ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሕይወት የሚያሰጋ ጊዜ ከሆነ ግን ደሙን አይከልክሉ።

እንበልና ሁለቱም ተስማሚ ሆነው ተገኙ። የእኔ አስተያየት ወንድምዎ ይቀድማል የሚል ነው፤ ምክንያቱንም ግልጽ ላድርገው። ልጅዎ የስኳር ሕመምተኛ እናት ልጅ ነው። ዛሬ በ23 ዓመቱ ስኳሩ ጤናማ ሆኖ ቢገኝ በ45 ዓመቱ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ወንድምዎ ግን ያንን ዕድሜ ደርሶበታል፤ ስኳሩ፣ ግፊቱና ኩላሊቱ ዛሬ ተመርምረው ጤናማ ከሆኑ ያለፉት ዓመታት ራሳቸው የሚመሰክሩለት ነገር አለ። ይህም ሆኖ እርሱም የእርስዎ ወንድም ነውና ስኳር በቤተሰቡ ውስጥ መኖሩ እርሱንም ይመለከተዋል፤ ምርመራው በጥንቃቄ ይደረግለት።

ለጋሹ የሚከፍለውንም ዋጋ ሳይሸፋፍኑ ይንገሩት። በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞት ለጋሽ ከ10,000 ሰው ሦስት ያህል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ኩላሊት የሰጡ ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የራሳቸው ኩላሊት ሥራ የማቆም ዕድሉ ከ10,000 ሰው በ90 ላይ እንደሚደርስ፣ እንደ እነርሱ ጤናማ ሆነው ካልሰጡት መካከል ግን በ14 ላይ ብቻ እንደሚደርስ ገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ምንም አይደለም የሚባል ግን አይደለም። በተጨማሪም ወንድምዎ ገበሬ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣትም እርፍ መጨበጥም አይችልም። በልግ ለሚያርስና መኸርም ለሚያርስ የወረኢሉ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነውና ጊዜው ከእርሻው ሥራ ጋር እንዳይጋጭ፣ ካልሆነም ማሳውን ማን እንደሚያርስለት አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሁለቱም ደግሞ እርስዎም ሌላውም ዘመድ በሌለበት ከሐኪም ጋር ለብቻቸው የመነጋገር መብት አላቸው። በሸንጎ ፊት «እሰጣለሁ» ያለ ሰው ውስጡ ቢፈራ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ፣ የማይፈልግ ለጋሽ በቤተሰቡ ዘንድ እንዳያፍር «በሕክምና ምክንያት አይሆንም» ብለው ሊሸኙት ይችላሉ። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ ምክንያቱን አይመርምሩ። እስከዚያው ግን የልብዎ ውጤት ሳይታወቅ ማንኛቸውም ለምርመራ ባይሄዱ ይሻላል፤ የእርስዎ ልብ ቀዶ ሕክምናውን አይችልም ከተባለ የእነርሱ መመርመርና መከራከር ከንቱ ድካም ይሆናል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ኩላሊቱም ሲወሰድ የቆየው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። የተራውና የአገልግሎቱ ሁኔታ የሚለዋወጥ በመሆኑ ከመነሣትዎ በፊት በደሴ ሐኪምዎ በኩል አስጠይቀው፣ በሪፈር ወረቀትና በሙሉ የምርመራ ውጤት ይሂዱ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለተደጋጋሚ ምርመራ እዚያው ወይም በቅርብ መቆየት ግድ ይሆናል። ማን አብሮዎት እንደሚቀመጥና የት እንደምታርፉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያልተመለሰ ጥያቄ መሆን የለበትም።

መድኃኒቶቹ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ፣ በየቀኑ፣ ሰዓታቸው ሳይዛነፍ የሚወሰዱ ናቸው። ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል፤ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ግን በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብዎ ሊያሰላ የሚገባው የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚገዛውን መድኃኒት ነው። እንዲያውም ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ማሰባሰብ ለሰው ይቀላል፤ አዋጪው ብዙ ነው፣ ጉዳዩም አንድ ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚያልቀው መድኃኒት ግን ቅሬ የሚጠራ የለም።

በአንጻሩ ለወሎ ሰው ንቅለ ተከላውን የሚደግፍ አንድ ምክንያት አለ፤ ሐኪሞች ሲያነሡት ብዙም አልሰማሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ መንገዱ ምን እንደ ነበረ እርስዎም ያውቁታል። እጥበት ማሽን፣ መብራት፣ ውኃና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ከጥቂት ቀናት በላይም ሊዘገይ አይችልም። መድኃኒት ግን በቦርሳ ተይዞ ይሰደዳል። ይህ ብቻውን አያስወስንም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ላይ ቢቀመጥ ተገቢ ነው እላለሁ።

ስለ ህንዱ ጉዞ፣ ክፉ ሐሳብ ነው አልልም፤ ብዙ ወገኖቻችን ሄደው ታክመዋል። ነገር ግን የልብዎ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ከሄዱ፣ አዋጥቶ የላከዎት ሰው ሁሉ አዝኖ የሰጠው ገንዘብ በምርመራ ብቻ አልቆ «አይቻልም» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። ሻጭ አገኛለሁ ያለውን ሰው በተመለከተ ግን ልጅዎ ዳግም ስልኩን እንዳያነሣለት ይንገሩት። የሰው አካል መሸጥና መግዛት በአገራችንም ወንጀል ነው፤ በህንድም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ደላላው ገንዘቡን ይዞ ቢሰወር ለማን አቤት ይላሉ? ካልተሰወረም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ በችግር ምክንያት ኩላሊቱን የሚሸጥ ሰው ሕመሙን ደብቆ ይሸጣልና፣ የእርሱ ሕመም በእርስዎ ደካማ ሰውነት ላይ ይጨመራል።

ብተወው በነፍሴ ላይ እንደ ፈረድሁ ይቆጠርብኛል ወይ ላሉት፣ የሃይማኖቱን ፍርድ ለሚያውቁት ሰዎች ትቼ እንደ ሕክምናው ልመልስልዎ። የጅዳው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. የአካል ልገሳን በሁኔታዎች ገድቦ እንደሚፈቅድ፣ ሽያጩን ግን እንደሚከለክል መወሰኑን ለሼህዎ ቢነግሩ ለውይይታችሁ መነሻ ይሆናል። በሕክምናው በኩል ግን ንቅለ ተከላን አለመምረጥ ሕክምናን አለመቀበል አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚገባ እየታጠቡ፣ ደህና የተሠራ ፊስቱላ (ለእጥበቱ ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚገጣጠም የደም ሥር) ኖሮዎት፣ የልብና የስኳር ክትትልዎን ሳያቋርጡ መኖር ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ልብዎ ከተመረመረ በኋላ ውጤቱ አጠራጣሪ ሆኖ ሐኪሞቹ «ለእርስዎ ውሳኔ እንተወዋለን» ካሉና እርስዎ እጥበቱን ከመረጡ፣ ልጅዎም ወንድምዎም ሊቆጡብዎ አይገባም። የሚቆጡ ከሆነ ነገሩን በቤት ውስጥ ከመካሰስ ይልቅ ሁለቱም የሚያከብሩት አባጋር ወይም ሽማግሌ ባለበት ተነጋገሩ፤ ሐኪሙ ያሉትንም በወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

የቀረው የረመዳኑ ጥያቄ ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች ዋናው ታክሮሊመስ ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ የጾሙ ሰዓት በእኛ አገር ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ሰዓቱን በሱሑርና በኢፍጣር መካከል ማስተካከል የተቻለላቸው አሉ። ይሁን እንጂ ኩላሊታቸው ገና አንድ ዓመት ላልሞላው፣ ኢንሱሊን ለሚወስዱና ልባቸው ለደከመ ሰዎች ሐኪሞች ጾሙን አይመክሩም፤ የውኃ ጥማት አዲሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የስኳር መውረድም በእንቅልፍ ሳሉ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ሦስቱንም ሊያሟሉ የሚችሉ ነዎትና ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት እንደማይጾሙ ከአሁኑ ይቁጠሩት፤ ስለ ፊድያው፣ ማለትም ባልጾሙት ቀን ፋንታ ለችግረኛ ስለሚሰጠው፣ ሼህዎን ያማክሩ። በእጥበት ላይ ሳሉም ጾሙን ለመያዝ ያሰቡ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የልብ አልትራሳውንዱ እንዲደገምልዎ ሲጠይቁ ይህንንም አብረው ያንሡት።